የልደቱ ልጅና የበርሜሉ ፈረሰኛ

ጤናዬ በግራ እጇ የሽማግሌውን አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አድርጋ ይዛለች፤ በቀኝ እጇ ደግሞ ምላጩን ከላይኛው ከንፈራቸው በላይ ቀስ አድርጋ ታወርዳለች። ይህች ቦታ አስቸጋሪ ናት። ሽማግሌው ዝም ማለት አለባቸው፣ እሷም ትንፋሿን መያዝ አለባት። ፎጣው ትከሻቸው ላይ፣ ለብ ያለው ውሃ በሳፋ አጠገቧ፣ ነጩ አረፋ እስከ ጆሯቸው ድረስ ነው። አባባ ኦድቫር መቶ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ጢማቸው ግን ወሬውን የሰማ አይመስልም፤ እንደ ጎረምሳ ጢም በየቀኑ ይበቅላል።

"አይንቀሳቀሱ፣ አባባ።"

"መች ተንቀሳቀስኩ?"

"ይኸው አሁን። መናገርም መንቀሳቀስ ነው።"

በኖርዌጅኛ ለትልቅም ለትንሽም ያው "አንተ" ነው። የመቶ ዓመት ሽማግሌን አንተ ማለት ጤናዬን ዛሬም አፏን ይይዛታል። ስለዚህ ከምትናገረው ሁሉ መጨረሻ ላይ "አባባ" ትጨምርበታለች። መጀመሪያ ሰሞን ትርጉሙን ጠይቀዋት ስትነግራቸው፣ "እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሠራተኛ ኦድቫር ብሎ ብቻ ሲጠራቸው ቅር ይላቸዋል።

የአረጋውያን መኖሪያው በምሥራቅ ኦስሎ፣ ጥድ ከበዛበት ኮረብታ ሥር ነው። ጤናዬ ከሃውገሩድ በምድር ባቡር ትመጣለች። ኖርዌይ በስደት ስትገባ መጀመሪያ የሰጧት ሥራ ጽዳት ነበር፤ ከዚያ ቋንቋውን ለመደችና የሽማግሌዎች እንክብካቤ ተማረች። ልጆቿም በዚያው አደጉላት። ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት "ጢም እላጫለሁ" ትላለች። ውሸት የለበትም፤ ፎቁ ላይ ካሉት ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእሷ በቀር ማንም ፊታቸውን እንዲነካ አይፈቅዱም።

ያን ቀን ምላጩ አገጭ ጋ ሲደርስ በሩ ተንኳኳና የሽማግሌው ልጅ ቶርዲስ ገባች። ቶርዲስ በጡረታ ያለች ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሁሉ በኦስሎ ከተማ ትራም ስትነዳ ኖራለች። ረጅምና ዝምተኛ ናት፤ የያዘችውን ወይን እንኳ ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጠው ድምፅ ሳታሰማ ነው።

"ፓፓ፣" አለች ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ "ሜይ ስምንት ደረሰ።"

ሜይ ስምንት እዚህ አገር ጦርነቱ ያበቃበት፣ የዘመቱትም የሚታሰቡበት ቀን ነው። ሽማግሌው በዚያ ጦርነት በዕቃ መርከብ ላይ ሠርተዋል።

"ማኑስ ደሴት ላይ ምን ሆነ?"

"ዕቃ አመላለስን።"

"ምን ዓይነት ዕቃ?"

"ከባድ።"

ጤናዬ ሳቋን ዋጠች። ቶርዲስ ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን አነሣች፣ አባቷን አረፋ ያልነካው ግንባራቸው ላይ ሳመችና ወጣች። ጤናዬ ሳፋውን ልትደፋ ብላ ተከተለቻት፤ ቶርዲስ ኮሪደሩ መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜ። ገና ልጅ ሳለሁ ጀምሮ።" ቶርዲስ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች። "አንድ የመርከብ ጓደኛው ሲሞት ቀብሩ ላይ ነበርን። አንድ ሽማግሌ መጣና ፓፓን አቀፈው። 'የበርሜሉ ፈረሰኛ ገና በሕይወት አለ!' አለ። ሁሉም ሳቁ፣ ፓፓም ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። መኪና ውስጥ ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ 'ምንም' አለ። አሁን እነዚያ ሽማግሌዎች ሁሉ አልፈዋል። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱም ከሄደ አባቴ ለምን እንደዚያ እንደሳቀ ሳላውቅ እቀራለሁ።"

ጤናዬ ሳፋውን ደፍታ ወደ ቀረው ጢም ተመለሰች። 

ባቡር ውስጥ ግን ነገሩ አልለቅ አላት። ፉሩሴት ጣቢያን አልፋ ሃውገሩድ እስክትደርስ አያቷ ነበሩ በዓይኗ የሚመላለሱት። ጤናዬ ያደገችው ደብረ ታቦር አጠገብ ካለ መንደር ነው። አያቷ ዘምተው የተመለሱ ሰው ነበሩ። የዘመቻቸውን ነገር የጠየቃቸው ሁሉ አፍሮ ይመለሳል፤ "ሄድን፣ መጣን" ይሉታል፣ በቃ። ልጅም ቢጠይቅ፣ ቄስም ቢጠይቅ መልሱ ያው ነው። ሰርግ ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። አባቷ ልደቱ ከመንደራቸው ውጪ ዘመቻ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ነው፤ ፉከራ ላይ ግን የሚያህለው የለም። ዱላውን ብድግ ያደርግና በሬውን ስላስገዛበት፣ ጅብ ስላባረረበት፣ የጎረቤቱን ውሻ እንኳ ስለተቆጣበት ቀን ዘራፍ ይላል። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። አያቷ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ፊታቸው ይቀላል፣ በመጨረሻ መቀመጥ ያቅታቸዋል። "ተው እንግዲህ! በጅብ ይፎከራል?" ብለው ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ወንዙም፣ ገደሉም፣ የጓደኞቻቸውም ስም አንድ በአንድ ይወጣል። ያን ጊዜ ሴቶቹ በእልልታ ይቀበሏቸዋል፣ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ።

"ቶርዲስ ስለምትጠይቅ ነው የሚዘጉባት፣" አለች ጤናዬ ለራሷ ከባቡሩ ስትወርድ። "ሰውዬው የሚፈልጉት ጠያቂ ሳይሆን ተፎካካሪ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት የአባባ ኦድቫርን ግማሽ ፊት ላጨች። ቀኙ ጠራ፣ ግራው አረፋ እንደለበሰ ነው። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ምላጩን እንደ ጎራዴ ከፍ አደረገችና ድምፅዋን ለቀቀችው፦

"ዘራፍ!
የልደቱ ልጅ ነኝ፣ ምላጭ ባነሣ፣
ስንቱ ጢም ወደቀ ዳግም ላይነሣ!"

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። "አመመሽ?"

"እየፎከርኩ ነው፣ አባባ። በኛ አገር ሰው ሥራውን እንዲህ ነው የሚያወራው።" ግጥሙን በኖርዌጅኛ ተረጎመችላቸው። ቤት አልመታም፤ ነገሩ ግን ገባቸው። አረፋ የለበሰው ግማሽ ፊታቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

"ዳግም ላይነሣ? ነገ ይበቅላል! የጣልሽው ሁሉ ነገ ጠዋት ቆሞ ይጠብቅሻል!"

ጤናዬ ጥያቄ አልጠየቀችም። አባቷን አስታወሰችና ቀጠለች፦

"ዘራፍ!
ሦስት ፎቅ ሙሉ መወልወያ ይዤ ስወጣበት፣
አቧራው እጁን ሰጠ መሸሻ ጠፍቶበት!"

"አቧራ!" አሉ አባባ ኦድቫር። የወንበሩን ክንድ በመዳፋቸው መቱ። "አቧራ ማረክሁ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ የምትጮኺው? እኔ ማኑስ ወደብ የገባሁ ሰው ነኝ!"

ጤናዬ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"ወደብ ብሎ ወደብ! በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ ደሴት ውስጥ! የዓለም መርከብ ሁሉ ገብቶበት ገና ቦታ ይተርፈዋል። ጃፓኖች ይዘውታል፣ አሜሪካኖች ይፈልጉታል። በዚያ ባሕር ላይ መርከብ የሚያሳድር ወደብ የያዘ፣ ባሕሩን ያዘ ማለት ነው። መግቢያው ላይ ትንንሽ ደሴቶች ተሰልፈዋል፤ እዚያ ላይ መድፍ ተጠምዷል። እኛ ስንደርስ መግቢያው ተከፍቷል፤ ዳርቻው ግን ገና ይነዳል። ጫካው ሲፈነዳ ሳህናችን ጠረጴዛ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ምን እንደጫንን ታውቂያለሽ? የአውሮፕላን ቤንዚን! እስከ አፏ ድረስ! አንድ ክብሪት ይበቃን ነበር። ሲጋራ ክልክል፣ ምድጃ ክልክል። እኔ የወጥ ቤት ረዳት ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ የማበስለው ግን የለኝም። መርከበኛው ሁሉ ቀዝቃዛ ባቄላ ሲበላ የሚረግመው እኔን ነው!"

"ዘራፍ በሉ፣ አባባ!"

"ሳራፍ!" አሉ። አልሆነላቸውም፣ ግን ግድ አልነበራቸውም። "ማራገፊያ የለም፤ ከመርከብ ወደ ዳር የሚያሻግረው ድልድይ ፈርሷል። ምን አደረግን? በርሜሉን ባሕር ውስጥ ጣልነው! ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። በገመድ እንደ መቁጠሪያ አያያዝነው፤ ትንሿ ጀልባ ወደ ዳር ትጎትተዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ገመዱ ተበጠሰ። በርሜሎቹ ወዴት የሄዱ ይመስልሻል? ጃፓኖቹ ገና ወዳሉበት ዳር! ማዕበሉ እየገፋ ወሰዳቸው። እኔም ያን ጊዜ ጫማዬን..."

እዚህ ላይ የማንቂያው ደወል ጮኸ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩት እማማ ቦርግሂልድ ናቸው፤ የሴት ጩኸትና የወንበር ድብደባ ሰምተው ሰው ተገደለ ብለው ደወሉን ተጫኑት። የፎቁ ኃላፊ ካሌብ ሲሮጥ መጣ። ካሌብ ኦስሎ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው፣ ነርስ ነው፣ ሲደነግጥ ሁለቱ ቋንቋ ይደባለቅበታል። በሩን ሲበረግደው ያየው ግማሽ ፊታቸው አረፋ የሆነ፣ ቡጢ የጨበጡ ሽማግሌና ምላጭ ያነሣች ሴት ነው።

"ኔይ፣ ኔይ፣ አይሆንም! ጤናዬ! ምላጩን አስቀምጪው!"

"ምን ሆነሃል? እየፎከርን ነው'ኮ።"

"እየ... ምን? ሄሬጉድ፣ አምላኬ! እዚህ ሰው ይተኛል፣ ቦርግሂልድ እየተንቀጠቀጠች ነው!"

"ፉከራ አታውቅም? እናትህ አላስተማረችህም? ደግሞ እኔንም አንቺ፣ እማማ ቦርግሂልድንም እሷ። ሁላችንንም እኩያህ አደረግከን።"

ካሌብ ጆሮው ቀላ። ሽማግሌውን ደህና መሆናቸውን ጠየቀ፣ ምላጩን ተቀብሎ ሳፋው ውስጥ አስገባ፣ ደወሉን አጠፋ። አባባ ኦድቫር ግን ቡጢያቸው ተፈታ። ፊታቸው እንደ ሱቅ ተዘጋ።

"ከዚያስ አባባ? ጫማዎን..."

"ዕቃ አመላለስን፣" አሉ፤ ግራ ጉንጫቸውንም ለምላጩ አዘጋጁ።

ጤናዬ የቀረውን ጢም እየላጨች ራሷን ወቀሰች። ለጎረቤት ሳትነግር መጮኋ አንድ ጥፋት ነው። ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነበር፦ ታሪኩ የሚገባት ሰው ሳትኖር ከፈተችው። አያቷም ሲፎክሩ የሚያዩት እንግዳውን አልነበረም። ዓይናቸው ልጆቻቸው ላይ ነበር።

ስለዚህ ቶርዲስ ስትመጣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አስገባቻት፤ ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ማንም አይሰማም። ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ወደቡን፣ ቤንዚኑን፣ የተበጠሰውን ገመድ። ቶርዲስ የታጠፉት አንሶላዎች ላይ ቁጭ አለች።

"ጫማውን ምን አደረገ?"

"እኔም አላወቅኩም። ያንቺ ነው፤ አንቺ ታወጪዋለሽ። መፎከር አለብሽ።"

"እኔ? ስለ ምን?"

"ስለ ራስሽ።"

ቶርዲስ ልብስሽን አውልቂ የተባለች ያህል ደነገጠች። እዚህ አገር ሰው ስለ ራሱ ጥሩ ነገር ሲናገር አንገቱን ይደፋል፤ ሽልማት እንኳ ቢያገኝ "እንዲያው ዕድል ነው" ይላል። ጤናዬ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም የመጥረጊያ እንጨት አንሥታ እጇ ላይ አደረገችላት።

"በይ። እግርሽን ከፈት። ዘራፍ በይ።"

"ሳራፍ፣" አለች ቶርዲስ በሹክሹክታ። "እኔ ቶርዲስ ነኝ። ትራም እነዳ ነበር። ጥሩ ሹፌር... ማለት፣ ደህና ሹፌር ነበርኩ፣ እንደሌሎቹ ሁሉ..."

"'ማለት' ፉከራ ውስጥ አይገባም! 'እንደሌሎቹ'ም አይገባም! እንደሌሎቹ ከሆንሽ ለምን ትቆሚያለሽ? ተቀመጪ!"

"በጣም ያሳፍራል፣ ጤናዬ።"

"ያሳፍር። አባትሽም አፍረው ነው ዝም ያሉት። ሁለታችሁም እያፈራችሁ ልትለያዩ ነው?"

ቶርዲስ እንጨቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ማሽኑ አጥቦ እስኪጨርስ ደጋግመው ሞከሩ። ሲወጡ ቶርዲስ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

እሑድ ሳሎኑ ውስጥ እንዲፎከር ካሌብን ማሳመኑ ቀለለ። ደወሉ በጮኸበት ቀን ማታ እናቱን ስለ ፉከራ ጠይቋት ኖሮ፣ እሷም ሥራዋን ትታ በስልክ ስታቅራራለት አምሽታ ነበር። ሁለት ነገር ብቻ አለ፦ ምላጭ የለም፣ ለጎረቤቶች ሁሉ አስቀድሞ ይነገራል። ከዚያም ሳሎኑ በር ላይ "እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጩኸት ይኖራል፤ ማንም አልተጎዳም" ብሎ በትልቁ ጽፎ ለጠፈ። እማማ ቦርግሂልድ አንብበውት የፊት ወንበር ያዙ።

እሑድ ጤናዬ ተረኛ አልነበረችም። ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። አባባ ኦድቫር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል፤ ለምን እንደተጠሩ አልተነገራቸውም። ቶርዲስ የመጥረጊያ እንጨቱን ይዛ መሐል ወለል ላይ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ጤናዬ ሠጋች፤ ቶርዲስ ዛሬ ካቃታት ሌላ ቀን አትደፍርም፣ ሽማግሌውም ሌላ ቀን ይኑራቸው አይኑራቸው ማን ያውቃል?

"ልትዘፍን ነው?" አሉ እማማ ቦርግሂልድ ጮክ ብለው። "ካልዘፈነች ቡናው ይቀዳልን።"

ቶርዲስ ወደ ጎን ዞራ አየቻቸው። ምን እንደነካት እንጃ፤ እንጨቱን ወለሉ ላይ ደቃችው።

"ሳራፍ! እኔ የኦድቫር ልጅ ቶርዲስ ነኝ! ያን ክረምት በረዶው ከተማውን ሲውጠው፣ አውቶቡሱ ሁሉ በየዳገቱ ሲተከል፣ ከዳገቱ ላይ ሳትቆም የወረደች የኔ ትራም ናት! ነፍሰ ጡር ተሳፍራለች፣ አናጺ ተሳፍሯል፣ የተኮሳተረ ዳኛ ተሳፍሯል፤ ሁሉንም አድርሻለሁ! መኪና ሐዲድ ላይ ቢያቆሙብኝ ወርጄ በእጄ ገፍቻለሁ! ሰካራም ቢሰድበኝ እስከ ቤቱ በር አድርሼ አሳፍሬዋለሁ! በዚህ ከተማ እንደኔ የነዳ የለም!"

ጤናዬ እልልታዋን ለቀቀችው። አባባ ኦድቫር ልጃቸውን አፍጥጠው ያያሉ። ቶርዲስ ወደ እሳቸው ዞረች። የመጨረሻውን ጤናዬ አላስተማረቻትም፤ ከራሷ ነው የወጣው።

"መርከበኛማ ምን አለበት! ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ወዴትም ቢያዞረው ከምንም አይጋጭም። መርከብማ እንቅልፋምም ይነዳዋል!"

"ከምንም አይጋጭም?" አባባ ኦድቫር የወንበሩን ክንድ ይዘው ብድግ አሉ። ብቻቸውን ከቆሙ ስንት ጊዜያቸው! ካሌብ ሊይዛቸው ተንደረደረ፤ ጤናዬ በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። "በውሃው ሥር እንደ ምላጭ የተሳለ ድንጋይ ያለበት ወደብ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ማኑስ! ማኑስ የገባሁት እኔ ነኝ!"

ከመጀመሪያው ጀመሩት። ወደቡን፣ መድፉን፣ ቀዝቃዛውን ባቄላ፤ ቶርዲስ ሁሉንም ከአባቷ አፍ ሰማች። ገመዱ ተበጠሰ፣ በርሜሎቹ ተንሳፍፈው ወደ ጠላት ዳር ሄዱ።

"እኔም ጫማዬን አወለቅኩ! አዲስ ገመድ ወገቤ ላይ አስሬ ዘለልኩ። ማንም አላዘዘኝም። የሎፎተን ደሴቶች ልጅ ነኝ፣ ከመራመዴ በፊት ዋኝቻለሁ! የመጀመሪያውን በርሜል ደረስኩበትና እንደ ፈረስ ወጣሁበት። ይገለብጠኛል፣ እወጣለሁ። ይገለብጠኛል፣ እወጣለሁ። ከጫካው ይተኩሳሉ፤ ውሃው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዝናብ መስሎኝ ነበር! ከሥሬ ቤንዚን፣ ከራስጌዬ ጥይት! ገመዱን አሰርኩ። ግን ብቻዬን ልጎትተው አልቻልኩም፤ ማዕበሉ በረታብኝ።"

"ከዚያስ?" አለች ቶርዲስ። እንጨቱን ረስታው ነበር።

"ታንኳ መጣች። ሁለት የደሴቲቱ ሰዎች። አንደኛው ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ ነው፤ እኔን ባየ ጊዜ ሳቀ። በፀሐይ ተጠብሼ፣ በርሜል ላይ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ እንዴት አይስቅ! ገመዱን ተቀበለኝና ታንኳው ላይ አሰረ። እየዘፈኑ ቀዘፉ። እኔም በርሜሌ ላይ ሆኜ፣ ቃሉን ባላውቀውም፣ አብሬ ጮኽኩ። በወደቡ ያለው መርከብ ሁሉ ጥሩንባውን ነፋ! ትልቁም ትንሹም! ለንጉሥ እንኳ እንዲያ አልተነፋም! መርከባችን ጋ ስንደርስ ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ፣ 'ጫማህ የት አለ?' አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ የበርሜሉ ፈረሰኛ ሆነ!"

የጤናዬ እልልታ ጣሪያውን ነካ። እማማ ቦርግሂልድ በማንኪያ ሲኒያቸውን ደበደቡ። ካሌብ እንኳ አንድ ጊዜ "ዘራፍ!" አለና ዙሪያውን አየ፣ ማን እንደሰማው።

ቶርዲስ አባቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። እየሳቀች ታለቅሳለች።

"ወደቡ ግን የማን ነበር፣ ፓፓ?"

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "የባለ ታንኳዎቹ ነዋ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የተዋጉበት። መንደራቸው ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወደብ ያልተመለሰ ሰው ደግሞ ብዙ ነው፣ ከየወገኑ። እነሱ ግን አንድ የማያውቁት ልጅ እንዳይሞት ቀዘፉ።" ወደ ጫማቸው አዩ። "እኔ አገሬ ስገባ ሰዎች፣ 'ጠመንጃ ይዘሃል?' አሉኝ። አልያዝኩም። 'ታዲያ ምን ስትሠራ ከረምክ?' አሉኝ። ዕቃ አመላለስኩ አልኩ። ያን ነው ስል የኖርኩት።"

"አያቴ ቢያገኙዎት፣ አባባ፣" አለች ጤናዬ፣ "ከጎናቸው ነበር የሚያስቀምጡዎት። ጅብ ያባረረውን አባቴን ደግሞ ከበሩ አጠገብ!"

ሽማግሌው ሳቁ። ቶርዲስ ቀብሩ ላይ ያየችው ሳቅ ያ ነበር፤ ጤናዬ ከቶርዲስ ፊት ላይ አወቀችው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ከልባቸው፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልጠየቅሽኝም?" አሏት።

ቶርዲስ ጤናዬን አየቻት። ጤናዬ ጣሪያውን አየች። ሁለቱም ነጠላው ውስጥ ተደብቀው እስኪያማቸው ሳቁ።

ሜይ ስምንት ቶርዲስ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደቻቸው። አሁን ደግሞ በየእሑዱ አባባ ኦድቫር ታሪኩን ይጀምሩታል፣ እሷ ታርማቸዋለች፣ "ጥይቱ በግራ ነበር ያልከው!" እያለች። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ሌሎቹም አላስቻላቸውም። ጡረታ የወጡ አናጺ በሠሩት ጣሪያ ፎከሩ። አንዲት መምህርት ደግሞ ባሳደገቻቸው ተማሪዎች። ሳሎኑ እሑድ እሑድ ወንበር አይበቃውም፤ ካሌብ ማስታወቂያውን ጨርሶ አላነሣውም።

ታዲያ አንድ ችግር ተፈጥሯል። እማማ ቦርግሂልድ በወጣትነታቸው የስልክ ማዕከል ሠራተኛ ነበሩ። መላውን ኖርዌይ በሁለት እጃቸው እንዳገናኙ ይፎክራሉ፤ የሚመልስላቸው ግን የለም። አናጺው ስልክ አያውቁም፣ መርከበኛው ከባሕራቸው አይወጡም፣ ጤናዬም በምላጯ ደጋግማ ተሸንፋለች። ተቃዋሚ ስላጡ እማማ ቦርግሂልድ አሁን አኩርፈዋል።

ስለዚህ ጤናዬ ይህን ለሚያነብ ሁሉ ልመና አላት። በአዲስ አበባም ይሁን በሌላ ከተማ፣ በድሮው፣ በእጅ በሚሠራው የስልክ ማገናኛ ላይ የሠራች እናት ወይም አክስት ያለቻችሁ፣ ኦስሎም የምትኖር ከሆነች፣ እባካችሁ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችኋት ኑ። ቋንቋው አያሳስባችሁ፣ ጤናዬ ታስተረጉማለች። እዚያ ስትደርሱ ማንንም ምንም አትጠይቁ። ገብታችሁ ፎክሩ።